ጳጉሜን 6 በኮምፒውተር ውስጥ፦ ቀንና ሰዓትን በፕሮግራም ስለ መያዝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። አባላቱ ቀን የሚጽፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለነበረ፣ እኔም ሥራውን ለማቅለል ብዬ የጻፉትን ቀን እንዳለ ወስጄ ዳታቤዙ፣ ማለትም ፕሮግራሙ መረጃ የሚያከማችበት መዝገብ፣ ለቀን ባዘጋጀው ዓምድ ውስጥ አስገባሁት። ጥቅምት 25 ቀን 2014 ዓ.ም. «2014-02-25»፣ ኅዳር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ «2014-03-05» ሆኖ ተመዘገበ። ለሳምንታት ምንም ችግር አልታየም። ከዚያ የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ደወሉልኝ። ጥቅምት 25 ተበድሮ ኅዳር 5 የመለሰ አንድ አባል ወለዱ የታሰበለት ለ8 ቀን ብቻ ነበር። «በጣቴ ብቆጥረው ዐሥር ቀን ነው፤ ሁለቱን ቀን የት አደረስካቸው?» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ «02»ን ያነበበው ፌብሩዋሪ ብሎ ነው፤ ፌብሩዋሪ በዚያ ዓመት 28 ቀን አላት፤ ጥቅምት ግን እንደ ሌሎቹ ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ሙሉ ነው። ሁለቱ ቀናት የጠፉት እዚያ ላይ ነው። መዝገቡን መልሼ ሳገላብጥ ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ፤ በጥቅምት 29 እና 30 የተከፈለ አንድም ብር አልነበረም። ፕሮግራሙ እነዚህን ቀናት «የሌለ ቀን» እያለ ሲመልስባቸው፣ ሒሳብ ያዧ ወረፋ የያዘውን ሰው ላለማጉላላት 28 እየጻፉ አልፈውታል። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር፤ ያንን መዝገብ ከወረቀት ደረሰኝ ጋር እያመሳከርኩ ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ ፕሮግራሙን ለመሥራት ከፈጀብኝ ይበልጣል። ይህንን ማብራሪያ የምጽፈውም ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች ይኸው ጥፋት እንዳይደርስባቸው ስለምፈልግ ነው።

የነገሩ ሥር አንድ ነው። በንግግር «ጊዜ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራቸው ሦስት ነገሮች ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ቅጽበት ነው፤ ማለትም በመላው ዓለም በአንድ ጊዜ የሚያልፍ ነጥብ፣ ለምሳሌ ገንዘቡ ከሒሳብ የወጣበት ሰከንድ። ሁለተኛው ቀን ነው፤ ሰዓትም ሆነ አገር የማይጠየቅበት የመዝገብ ስም፣ ለምሳሌ የልደት ቀን። ሦስተኛው ቀጠሮ ነው፤ ገና ያልደረሰ፣ በአንድ ቦታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰዓት ሲደርስበት የሚፈጸም ስምምነት። በቀን አያያዝ ላይ ያየኋቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእነዚህ አንዱን በሌላው ሣጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ቅጽበትን ኮምፒውተሮች የሚይዙት በቁጥር ነው። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ያስለመደው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በዩቲሲ (አገሮች ሁሉ ሰዓታቸውን በሚያነጻጽሩበት የጋራ ሰዓት) እኩለ ሌሊት ላይ ዜሮ ብሎ ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ሰከንዶች መቁጠር ነው። ይህ መነሻ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም ሰዓቱ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ቁጥሩ ራሱ ግን ዓመትም ወርም የለውም፤ የኢትዮጵያም የአውሮፓም አይደለም። በአዲስ አበባ፣ በቴል አቪቭ፣ በዋሽንግተንና በጅዳ ያሉ ኮምፒውተሮች በአንድ ቅጽበት የሚያነቡት ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ክፍያ የተፈጸመበትን፣ መልእክት የተላከበትን፣ በር የተከፈተበትን ጊዜ ለመመዝገብ ከዚህ የተሻለ የለም። በስንት ዓመተ ምሕረት፣ በስንት ሰዓት የሚለው ለአንባቢው በሚታይበት ጊዜ ብቻ የሚሰላ ነገር ይሁን።

ታዲያ ስሌቱ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው የሚያውቀው የአፍ ሕግ «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንስ» የሚለው ነው። ልዩነቱ ከመስከረም መባቻ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሰባት፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንስ ፕሮግራም በየዓመቱ ከሦስት ወር ተኩል በላይ ይሳሳታል። ቀኑንም በሠንጠረዥ ለማስተካከል የሚሞክሩ አሉ፤ «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብለው ይነሡና በአራተኛው ዓመት ሴፕቴምበር 12 ሲሆን ግራ ይገባቸዋል። ከሁለቱም የሚሻለው መንገድ ቀኑን መጀመሪያ ወደ ተራ የቀናት ብዛት መለወጥ፣ ከዚያ ከብዛቱ ወደ ፈለጉት አቆጣጠር መሄድ ነው።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ በጣም ይመቻል። ዐሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። የትኛው ዓመት ላይ እንደሆነ ለማወቅ የወንጌላውያኑን ስም የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ 6ኛዋ ጳጉሜን የምትመጣው በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው። ፕሮግራመሩ የሚጽፈው ይህንኑ በቁጥር ቋንቋ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ ሉቃስ ነው። 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ፤ ቀጣዩ 2019 ነው። ቀሪው ዜሮ ሲሆን ዮሐንስ፣ 1 ሲሆን ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ ይሆናል።

ስለዚህ ከዓመተ ምሕረት መነሻ እስከ አንድ ቀን ድረስ ያሉትን ቀናት ለመቁጠር ከዓመቱ አንድ ቀንሰን በ365 እናባዛለን፤ ዓመቱን ለአራት አካፍለን ቀሪውን ጥለን የተገኘውን እንደምራለን፤ ከወሩ ቁጥር አንድ ቀንሰን በ30 አባዝተን እንደምራለን፤ በመጨረሻ ቀኑን እንደምራለን። ከዚህ ድምር ላይ 716,368 ስንቀንስ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ወዲህ ያሉትን ቀናት እናገኛለን፤ ያም ዩኒክስ የሚያውቀው የቀን ቁጥር ነው። በመስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በሚሌኒየሙ በዓል፣ እንሞክረው። 1999 በ365 ሲባዛ 729,635 ነው፤ 2000 ለአራት ሲካፈል 500 ነው፤ መስከረም የመጀመሪያው ወር ስለሆነ በ30 የሚባዛው ዜሮ ነው፤ ቀኑ 1 ነው። ድምሩ 730,136 ይሆናል፤ 716,368 ሲቀነስለት 13,768 ይቀራል። ማንኛውንም የፕሮግራም ቋንቋ «ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ 13,768ኛው ቀን መቼ ነው?» ብትሉት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይላችኋል፤ በዓሉ የተከበረውም በዚያ ቀን ነው። ስሌቱ ሁለት መስመር ኮድ አይሞላም፤ ሠንጠረዥም አያስፈልገውም።

የዚህን ዘዴ ጥቅም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ ዐድዋ ነው። በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን በየዓመቱ ይህን ጥያቄ ሲያነሡ እሰማለሁ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላሉ፤ እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ነው፤ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእርግጥ ማርች 1 ቀን 1896 ነበረ። በመካከሉ እ.ኤ.አ. 1900 መጣ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለመቶ የሚካፈል ዓመት ለአራት መቶ ካልተካፈለ በቀር ፌብሩዋሪ 29 አይኖረውም፤ በእኛ አቆጣጠር ግን እንዲህ ያለ ልዩ ሕግ የለም፤ ጳጉሜን 6 በ1891 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ወትሮዋ ውላለች። ስለዚህ ሁለቱ አቆጣጠሮች ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ተራራቁ፤ የካቲት 23ም ወደ ማርች 2 ተሸጋገረ። ከላይ ያለው ቀመር ለ1888 ዓ.ም. ሲሰላ ከዜሮ በታች 26,968 ይሰጣል፤ ኮምፒውተሩም ያንን ወደ ማርች 1 ቀን 1896 ይተረጉመዋል። የዛሬውን ሠንጠረዥ ወደ ኋላ የሚጎትት ፕሮግራም ግን የዐድዋን ጦርነት አንድ ቀን አዘግይቶ ይመዘግበዋል።

ይኸው ነገር ወደ ፊትም ይደገማል። እ.ኤ.አ. 2100 ፌብሩዋሪ 29 ስለማይኖረው፣ የ2093 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወዲያ «ሴፕቴምበር 11» የሚለው የተለመደ ቀን አይመለስም። ሩቅ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የጡረታ፣ የሊዝና የረጅም ጊዜ ውል ፕሮግራሞች ዛሬ ለሚወለድ ልጅ ዕድሜ ያህል ወደ ፊት ያሰላሉ።

በዓላትን በኮድ ውስጥ በቋሚ ቀን ለሚጽፍ ሰው አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብሎ ጽፎ የሚተው በዘመነ ዮሐንስ ይሳሳታል፤ ጳጉሜን 6 ከዋለች በኋላ በሚመጣው ዓመት ገና የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ይህንን ብዙ የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያዎች ሲስቱት አይቻለሁ፤ የጻፉት ሰዎች አንድ ካህን ቢጠይቁ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይነገራቸው ነበር።

ቀመሩን ማወቅ ጠቃሚ ቢሆንም በየፕሮግራሙ እንደገና መጻፍ ግን የግድ አይደለም። አይ.ሲ.ዩ. የተባለው የታወቀ ላይብረሪ (ፕሮግራመሮች ከራሳቸው ሥራ ጋር የሚያያይዙት የተዘጋጀ ኮድ) የኢትዮጵያን አቆጣጠር በውስጡ ይዟል፤ በድረ ገጽ መክፈቻዎች ውስጥም በጃቫስክሪፕት በኩል ሊጠራ ይችላል። ጃቫ በ8ኛው ዕትሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ይዞት የመጣው የቀን ላይብረሪ ግን የጃፓንን፣ የታይዋንን፣ የታይላንድን ቡድሃዊና የሂጅራን አቆጣጠር ሲያካትት የእኛን አላካተተም፤ በጃቫ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ላይብረሪ መጨመር አለበት። የትኛውንም ብትጠቀሙ፣ ከማመናችሁ በፊት የዐድዋን ቀን፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን እና መስከረም 1 ቀን 2093ን ስጡትና የሚመልስላችሁን እዩ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ስለ ቀን። የልደት ቀን ቅጽበት አይደለም። አንድ ሰው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ተወለደ ሲባል ያ የመዝገብ ስም ነው፤ ሰውየው ወደ ሜሪላንድ ቢሄድ የልደት ቀኑ አብሮ አይዛወርም። ብዙ ፕሮግራሞች ግን ቀን ብቻ ሲቀበሉ በውስጣቸው «እኩለ ሌሊት» የሚል ሰዓት ጨምረው ወደ ቅጽበት ይለውጡታል። ይህ ምን እንደሚያስከትል በዚሁ ልጅ ላይ እንይ። በአዲስ አበባ የመስከረም 1 እኩለ ሌሊት በዩቲሲ ገና የዋዜማው ቀን 21፡00 ሰዓት ነው። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃውን ይዞ ለሌሎች የሚያቀርበው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ በዩቲሲ ሲያነበው፣ ወይም ዋሽንግተን ያለ ኮምፒውተር ሲያሳየው፣ ልጁ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ሆኖ ይወጣል። ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተለወጡ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀንን እንደ ቀን መያዝ፣ ሰዓት አለመጨመር፣ የሰዓት ክልል (በአንድ ሰዓት የሚመራ አካባቢ) አለማስነካት።

የቀን መጻፊያ ፎርሞችም ብዙ በደል ይፈጽማሉ። በአማርኛ ተተርጉመው የቀረቡ አንዳንድ መተግበሪያዎች ፌብሩዋሪን «የካቲት»፣ ሴፕቴምበርን «መስከረም» ብለው ያስቀምጣሉ፤ ተጠቃሚው የካቲት 30 ብሎ ሲጽፍ ቀኑ የለም ይሉታል፤ የካቲት 10 ሲጽፍ ደግሞ ዝም ብለው ተቀብለው ፌብሩዋሪ 10 ብለው ይመዘግቡታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ችግር እንዳለ ይናገራል። የአውሮፓውያኑ ወር በአማርኛ ሲጻፍ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ ተብሎ መጻፍ አለበት። ወሩን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ፎርም ደግሞ በጳጉሜን የተወለደን ሰው በሙሉ ከመዝገብ ያስወጣዋል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል? ነሐሴ 30 ብሎ ይጽፋል፤ ወይም መስከረም 1። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱና የትምህርት ማስረጃው ለዕድሜው ሙሉ ሳይገናኙ ይኖራሉ።

በዚህ ረገድ አማርኛችን ለፕሮግራመር ጥሩ ትምህርት አለው። «እ.ኤ.አ.» እና «ዓ.ም.» የምንላቸው ምልክቶች ከቁጥሩ ጋር ካልተጻፉ ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ «12/05/2009» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት በእኛ ጥር 12፣ በአውሮፓውያን ሜይ 12፣ በአሜሪካውያን ልማድ ደግሞ ዲሴምበር 5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳታቤዝ ውስጥ ቀኑ በዓለም አቀፉ «ዓመት-ወር-ቀን» አጻጻፍ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይቀመጥ፤ ከጎኑም ሰውየው መጀመሪያ የተናገረው ቃል በቃል፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተናገረው ጭምር፣ በተለየ ዓምድ ይቀመጥ። ይህ ሁለተኛው ዓምድ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የማኅበሩን መዝገብ ሳስተካክል ያጣሁት ይህንን ነበር፤ ሰዎቹ በእርግጥ ምን እንዳሉ የሚነግረኝ ከወረቀቱ በቀር ምንም አልነበረም።

አሁን ስለ ሰዓት። ፀሐይ በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳትዛነፍ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትወጣ፣ ቀንን ከንጋት፣ ሌሊትን ከምሽት ጀምረን እንቆጥራለን። ጠዋት 3 ሰዓት የምንለው በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 09፡00 ነው። ስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ ቀላል ስለሆነ ፕሮግራመሮች ጉዳዩን ይንቁታል፤ ችግሩ ግን ከስሌቱ ይልቅ «ይህ ቁጥር በየትኛው ልማድ የተነገረ ነው?» የሚለው ነው። አንዲት ጎረቤቴ የሆኑ እናት ከአንድ የጤና ተቋም «ቀጠሮዎ ነገ 09፡00 ነው» የሚል መልእክት በስልካቸው ደርሷቸው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ደረሱ። ሐኪሙ ያያቸው የነበረው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። መልእክቱን የላከው ፕሮግራም ሒሳቡን አልሳተም፤ የሚያናግረውን ሰው ግን አላወቀም። «ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ እሳቸውም ባልተንከራተቱ። ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ የሚሉት ቃላት በአማርኛ የሰዓቱ አካል ናቸው፤ ፕሮግራሙም ቁጥሩን ያለ እነርሱ መቀበልም ሆነ ማሳየት የለበትም።

ከዚህ የሚረቀው ጥያቄ ቀኑ የሚለወጠው መቼ ነው የሚለው ነው። ለኮምፒውተር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዓል በዋዜማው ማታ ይገባል። በዕለት ኑሮ ደግሞ ብዙ ሰው እስኪነጋ ድረስ ያለውን ሌሊት የትናንቱ ቀን አድርጎ ይናገራል። «ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢባል ዓርብ ማታ የሚያድረው ነው ወይስ ቅዳሜ ማታ የሚያድረው? ቋንቋችን ለዚህ መፍትሔ ካበጀ ቆይቷል፤ «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ስንል ማንም አይሳሳትም፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እሑድ 02፡00 ነው። የአውቶቡስና የአውሮፕላን ትኬት የሚሸጥ ፕሮግራም ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ጊዜ ሁሉ በ«አጥቢያ» ቢያሳይ ስንቱን ተሳፋሪ ከድንጋጤ ባዳነ ነበር። እስካሁን ይህንን የሚያደርግ አላየሁም፤ እኔ ግን በምሠራቸው ሁሉ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ አንድም ተጠቃሚ ትርጉሙን ጠይቆኝ አያውቅም።

ሦስተኛው፣ ቀጠሮ፣ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም የወደፊቱን ሰዓት የሚወስኑት መንግሥታት ናቸው። ዋሽንግተን ያለ አንድ የቤተሰብ ዕድር በየእሑዱ እኩለ ቀን ላይ፣ ማለትም በዚያው ሰዓት 12፡00 ላይ፣ አዲስ አበባ ካሉት ጋር በቪዲዮ ይሰበሰባል እንበል። ኢትዮጵያ ሰዓቷን በወቅት አትለዋውጥም፤ አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር መጀመሪያው እሑድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ታደርጋለች። ስለዚህ ስብሰባው አዲስ አበባ ላይ በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ስብሰባ ወደ ሰከንድ ለውጦ በየሳምንቱ ሰባት ቀን ያህል ሰከንድ ቢደምርበት፣ ከኖቬምበር በኋላ የዋሽንግተኖቹ ገና 11፡00 ላይ ሲጠሩ ያገኙታል። መቀመጥ ያለበት «እሑድ፣ 12፡00፣ በኒው ዮርክ የሰዓት ክልል» (ዋሽንግተንም የምትከተለው እርሱን ነው) የሚለው ስምምነት ነው፤ ወደ ቅጽበት የሚለወጠው ቀኑ ሲቃረብ ነው። የክልሉ ስም እንጂ «ከዩቲሲ አምስት ሰዓት ወደ ኋላ» የሚለው ቁጥር መጻፍ የለበትም፤ ቁጥሩ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣልና። እስራኤልም እንዲሁ ናት፤ በክረምት ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ትዘገያለች፤ በበጋ ግን ሰዓታችን ይገጥማል። ሳዑዲ ዓረቢያ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ስትሆን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይቀድሙናል።

በእነዚህ የሽግግር ሌሊቶች ደግሞ እንግዳ ነገር ይፈጠራል። በማርቹ እሑድ በኒው ዮርክ 02፡30 የሚባል ሰዓት የለም፤ 02፡00 ሲደርስ በቀጥታ 03፡00 ይሆናል። በኖቬምበሩ 01፡30 ሁለት ጊዜ ይመጣል። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ደመወዙ በግድግዳ ሰዓት ከተሰላ በአንደኛው ሌሊት ያልሠራው ሰዓት ይከፈለዋል፤ በሌላው የሠራው ይቀርበታል። የሠራበትን ጊዜ ማስላት የሚገባው ከመግቢያና ከመውጫው ቅጽበት ነው።

የየአገሩን የሰዓት ሕግ ኮምፒውተሮች የሚያገኙት በዓለም ዙሪያ ያሉ ባለሙያዎች ከሚያዘጋጁት አንድ የጋራ የመረጃ ቋት ነው፤ ስልካችሁም ሰርቨሩም የሚያነቡት እርሱኑ ነው። ቋቱ ግን የመንግሥታትን ውሳኔ ቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓት የሚለወጥበት ቀን ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ለውጡን እስከ ረመዳን ፍጻሜ አራዘምኩ አለ፤ አንዳንድ ተቋማት ተቀበሉት፣ ሌሎች አልተቀበሉትም፤ ለጥቂት ቀናት በአንድ አገር ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ ውሳኔው ተሻረ። ቋቱን የሚጠብቁት ሰዎች ለውጡን አስገብተው ካወጡ በኋላ በቀናት ውስጥ መልሰው ሰረዙት። በቤይሩት ያሉ እኅቶቻችን ወደ ቤት ለመደወል ስልካቸውን ሲያዩ አንዱ ስልክ አንድ ሰዓት፣ ሌላው ሌላ ሰዓት ሊያሳያቸው ይችል ነበር። ቀጠሮን አስቀድሞ ወደ ሰከንድ የለወጠ ፕሮግራም እንዲህ ሲሆን መመለሻ የለውም፤ ስምምነቱን እንደ ስምምነት ያስቀመጠ ግን ቋቱ ሲታደስ ራሱን ያስተካክላል።

አንድ ሥራ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ለመለካት የግድግዳውን ሰዓት መጠቀም እንደማይገባም በአጭሩ ልንገር፤ ያ ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር ሲስተካከል ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና ውጤቱ ከዜሮ በታች ሊወጣ ይችላል። ሁሉም የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ይቻላል ለዚህ ወደ ኋላ የማይመለስ ቆጣሪ አለው።

የቀረው የቁጥሩ መጠን ነው። ዩኒክስ ሰከንድ መቁጠር ሲጀምር ቁጥሩ የተያዘው በ32 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች፣ ነበር፤ ይህ መያዣ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ዛሬ ስልኮችና ሰርቨሮች በአብዛኛው ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል፤ ነገር ግን በቆጣሪዎች፣ በበር መቆለፊያዎች፣ በአሮጌ የፋብሪካ መሣሪያዎችና በቀድሞ የዳታቤዝ ዓምዶች ውስጥ አሮጌው መያዣ አሁንም አለ። እኛ አገር መሣሪያ እስኪሰበር ድረስ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ይህንን መፈተሽ ያለባቸው መሣሪያውን የገዙት ብቻ ሳይሆኑ ዛሬ የሚጠግኑትም ናቸው። መያዣው የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዩቲሲ 03፡14፡07 ላይ ነው። በቀመራችን ስናሰላው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል፤ ታቦታቱ በየባሕረ ጥምቀቱ ዳር አድረው፣ ምእመናን ጸበሉን ለመረጨት በሚጠባበቁበት የጥምቀት ንጋት። በሚቀጥለው ሰከንድ ያልታደሰ ማሽን ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርድበትና በዛሬው የአዲስ አበባ ሰዓት አቆጣጠር ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው ብሎ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንዳለ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል።